ስለ መጻተኛው ሕግና ስለ ቤተ እስራኤል ርስት (ዘኍልቍ ምዕራፍ 15)

ሙሴ በዚህ ምዕራፍ የመሥዋዕቱን ሥርዓት ሲደነግግ የአገሩን ተወላጅና በመካከሉ የተቀመጠውን እንግዳ በአንድ ሕግ አሰራቸው። ትእዛዙ የተሰጠው ለእስራኤል ነው፤ ነገር ግን የእስራኤልን ስም የያዘ ሕዝብ በኢትዮጵያ እንደ መጻተኛ በተቈጠረበት ዘመን ሥርዓቱ እንዴት እንደ ተጠበቀ መመርመር ይገባል።

በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ የኖሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን የያዙ፣ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ የተጠመቀው የአባቱን ርስት እንዲይዝ፣ ያልተጠመቀው ግን ከርስቱ እንዲነቀል አዘዙ ተብሎ ይነገራል። ፈላሻ የሚለውንም ስም ብዙዎች ከዚሁ ጋር ያያይዙታል፤ እነርሱ ግን በዚህ ስም መጠራትን አይወዱም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ በስሜን የቀረውን ኃይላቸውን ሰበሩ።

ርስት የሌለው ሰው ምን ሠርቶ ይኖራል? ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ግንብ ገነባ፤ ሴቲቱ ሸክላ ሠራች፤ የሚያርሰውም የሌላውን መሬት አርሶ ለባለርስቱ ገበረ። ማረሻውን ከእጃቸው የገዛው ገበሬ ግን ያንኑ እጅ ፈራው፤ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል አለው። ሕፃን ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ፣ ምክንያቱ በጎረቤቱ ቀጥቃጭ ላይ ተጣለ። መሬቱ አስቀድሞ ተወሰደ፤ ስድቡም ኋላ መጥቶ መወሰዱን የተገባ አስመሰለው። የጌጫና የማሻ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ በሸካና በከፋ የማንጆን ከሰል በገበያ ገዝቶ ሻጩን ከማዕድ የማራቅን ልማድ ያውቃልና።

ሕግም ራሱ ጠባቂ ሳይሆን አጥፊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የኢጣልያ ፋሽስት መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ኢጣልያዊ ከአበሻ ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ፤ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ የገዛ አገሩን አይሁድ ከመንግሥት ሥራ አስወጣ፣ ከሌላው ኢጣልያዊ ጋርም እንዳይጋቡ አገደ። አበሻን ያዋረደው ብዕር አይሁድንም አዋረደ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሰውን ሁሉ በሕግ ፊት እኩል አደረገ፤ ሆኖም የጭሰኛው ሸክም እንዳለ ቀረ። ሸክሙን ያነሣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 31 ነው፤ ቤተ እስራኤልም እንደ ሌላው ገበሬ የሚያርሱትን መሬት የመያዝ መብት አገኙ። ነገር ግን ዘግይቶ ነበረ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙዎች በሱዳን በኩል እየተሰደዱ ብዙ ነፍስ በመንገድ ቀረ፤ በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቍጥር 1185 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። በሰው ላይ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት ሆነ ብሎ ጥላቻን የሚያስፋፋ ንግግር በአዋጁ ያስቀጣል። ቡዳ የሚለው ቃል በአዋጁ አልተጻፈም፤ ቃሉ ለምን እንደ ተነገረ መርምሮ መፍረድ የዳኛው ሥራ ሆኗል።