ግንቡ ተለካ፤ ጨዋታውስ? ያልተጻፈው የሐረር ልጆች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1560 ፒተር ብሩገል የተባለ የፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጂየም) ሠዓሊ አንድ ለየት ያለ ሥዕል ሠራ። ሥዕሉ ላይ ንጉሥም፣ ጦርነትም፣ ቅዱስም የለም። ያሉት ልጆች ናቸው፤ ከ200 በላይ ልጆች የአንድን ከተማ አደባባይና መንገድ ሞልተው ይጫወታሉ። አንዱ የበርሜል ቀለበት እየነዳ ይሮጣል፤ ሌላው በጓደኛው ጀርባ ላይ ይዘላል፤ ጥግ ላይ የተቀመጡት ደግሞ በእንስሳት አጥንት ልክ እንደኛ ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ። ሥዕሉን ያጠኑ ሰዎች ከ80 በላይ የጨዋታ ዓይነቶችን ቆጥረውበታል። ዛሬ ቪየና ውስጥ በሚገኘው የኪነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ተሰቅሏል።

በዚያው ዘመን ሐረር ላይ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ከተማቸውን በግንብ እያስከበቡ ነበር። ዛሬ ጁገል የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ግንብ ብዙ ተጽፏል። ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የሚያቅፈው መሬት 48 ሄክታር ገደማ ነው፤ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት። በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ስፍራዎች ተቆጥረዋል። ጅብ በሌሊት የሚገባባቸው የግንቡ ቀዳዳዎች እንኳ ስማቸው ተመዝግቧል፦ ዋራባ ኑዱል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። በዚህ ግንብ ውስጥ ከ450 ዓመት በላይ ልጆች ተወልደው አድገዋል። የጅቡን መግቢያ የመዘገበው ታሪክ የልጆቹን መጫወቻ እንዴት ዘለለው?

መለኪያው የሚያየው ሌላ ነው

በምህንድስና አንድ ቀላል እውነት አለ፦ መለኪያ የሚያነበው የተሠራለትን ነገር ብቻ ነው። ቴርሞሜትር ዝናብ መጣሉን አይነግራችሁም። ዜሮ ስላነበበ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ስላልቀረበለት ነው። የታሪክ ምንጮችም እንዲሁ ናቸው።

የሐረርን ምንጮች በዚህ ዓይን እንያቸው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ 10 ቀን ቆየ። ከተማዋ ርዝመቷ አንድ ማይል፣ ወርዷ የዚያ ግማሽ መሆኑን ጻፈ። ስለ አሚሩ፣ ስለ ንግዱ፣ ስለ ቋንቋው ሰፊ መረጃ ትቶልናል። ከ1875 እስከ 1885 ከተማዋን የያዙት ግብጾች የሚያሳስባቸው ግብርና ጦር ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ በ1883 ካሜራ ሐረር ድረስ አስመጥቶ ነበር፤ ከተረፉት ጥቂት ፎቶዎች መካከል የታወቁት ራሱን ያነሳባቸው ናቸው። ምኒልክ በ1887 ከተማዋን ከያዙ በኋላ ደግሞ ምንጩ ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥት አዘነበለ። የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በሐረር ነው። ስለዚያ ልጅነት ሲወራ ቀድመው የሚነሱት መምህራኖቻቸው ዶክተር ቪታሊያንና አባ ሳሙኤል ናቸው። ልጅ ሲጻፍለት እንኳ ስለሚማረው ነው እንጂ ስለሚጫወተው አይደለም።

ከነዚህ ሁሉ ማንም የልጆችን ጨዋታ ሊመዘግብ አልመጣም። ስለዚህ ጨዋታው በሰነድ ውስጥ መጥፋቱ በመንገዱ ላይ አለመኖሩን አያሳይም።

ይሄ ሲባል በኢትዮጵያ ጨዋታ ጭራሽ አልተጠናም ለማለት አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል በ1928 እና 1929 ጎጃም ውስጥ፣ በ1932 ደግሞ ጎንደር ላይ ሠርቷል፤ በ1935ም የሐበሻ ጨዋታዎችን ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳትሟል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉ የገበጣ ዓይነቶች ረጅም ጥናት አውጥተዋል።

ገበጣ ለምን ዕድል ቀናው? አንዱ ምክንያት ቁስ ስለሚተው ይመስለኛል። ጉድጓዶች አሉት፤ ጠጠር አለው፤ በድንጋይ ላይ ይቀረጻል፤ አዋቂዎችም ተቀምጠው ይጫወቱታል። ሌባና ፖሊስ፣ አባሮሽ፣ ድብብቆሽ ግን ምን ይተዋሉ? ላብ ብቻ። ልጆቹ ሲበተኑ ጨዋታውም አብሮ ይበተናል። ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ ቢሰመርም የሚቀጥለው ዝናብ ያጠበዋል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ክብር

የራሳችንም ቋንቋ ያስገርማል። "ጨዋታ አዋቂ ነው" ስንል ሰውየውን ማመስገናችን ነው፤ ወግ ያውቃል፣ ሰው ያስደስታል ማለታችን ነው። "ተዉት፣ የልጅ ጨዋታ ነው" ስንል ግን ጉዳዩ ዋጋ የለውም ማለታችን ነው። ያው "ጨዋታ" የሚለው ቃል አዋቂ ላይ ሲሆን ማዕረግ፣ ልጅ ላይ ሲሆን ማቃለያ ይሆናል። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" የሚለውን ተረት ስትጨምሩበት ልጅ የሚሠራው ነገር ለምን መዝገብ እንደማይገባ ይገባችኋል።

ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል ሰፈር አለ። የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘውም ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አዋቂዎች ሲሠሩ የሚያሰሙት ድምፅ ለመንገድ ስም ሆኗል። ሲጫወቱ የሚንጫጩ ልጆች ድምፅ ግን በአብዛኛው "ዝም በሉ!" የሚያስብል ነው።

አለመቆጠር ያማል?

"እሺ፣ ጨዋታ ባይጻፍስ ምን ይጎዳል?" ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመልሱ ጨዋታው ውስጥ እንግባ።

ማንኛውም የሰፈር ልጅ የሚያውቀው ጊዜ አለ፤ ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ የሚቀረው ልጅ፣ ወይም "ይጫወት፣ ግን አይቆጠርም" የሚባለው ታናሽ ወንድም። ድብብቆሽ ላይ ደግሞ የባሰ አለ፤ ጥሩ ቦታ ተደብቆ ሌሎቹ ትተውት ወደ ቤት የሄዱበት ልጅ።

ይህን ስሜት ሳይንስ ለክቶታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኪፕሊንግ ዊሊያምስ አንድ ቀን መናፈሻ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች የሚወራወሩት ዲስክ እግሩ ሥር ያርፋል። አንስቶ ሲወረውርላቸው እነሱም መልሰው ወረወሩለት፤ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ግን ሁለቱ ብቻቸውን ቀጠሉ፤ እሱን ረሱት። ይህን ያህል እንዴት እንደከፋው ራሱን ገረመው። ከዚያ ተነስቶ "ሳይበርቦል" የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራ፤ ኳሷ መጀመሪያ ትደርሳችኋለች፣ ከዚያ መምጣት ታቆማለች። በቃ ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ናኦሚ አይዘንበርገር፣ ማቲው ሊበርማንና ዊሊያምስ በ"ሳይንስ" መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ከጨዋታው የተገለሉ ሰዎች አንጎል ላይ ከአካላዊ ሕመም ጋር የሚያያዝ አካባቢ የበለጠ ሲንቀሳቀስ አሳይተዋል። የውጤቱ ትርጓሜ እስካሁን ያከራክራል። ሰው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በሚጫወተው ተራ ጨዋታ እንኳ ሲዘለል እንደሚከፋው ግን በተደጋጋሚ ሙከራዎች ታይቷል።

የመንደር ጨዋታ ይህን ችግር በራሱ መንገድ ይፈታዋል። በዕጣ ይከፋፈላል፤ ተራ ይዞራል፤ የወጣው በሚቀጥለው ዙር ይገባል፤ ታናሹ ዛሬ ባይቆጠርም በዓመቱ ይቆጠራል። ያለ ዳኛና ያለ አሠልጣኝ ልጆች ራሳቸው የሚያስከብሩት ሕግ ነው። ጨዋታው ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ይህ ሕግ ነው።

መንገዱን እንደ ማስረጃ

ሰነድ ከሌለ መንገዱን እንጠይቅ። ጁገል ውስጥ 368 መተላለፊያዎች እንዳሉ ይነገራል። ጠባብ፣ ጠምዛዛ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው። የባህላዊው የሐረሪ ቤት (ጌ ጋር) ፊቱ ወደ ግቢው ነው፤ ወደ መንገድ የሚታየው በአብዛኛው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ልጁ ከግቢው በር ሲወጣ ከአዋቂ ዓይን ይሰወራል። ለድብብቆሽ ከዚህ የተሻለ ቦታ ቢፈለግ አይገኝም። ለኳስ ግን ከዚህ የባሰ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ወለሉም ይናገራል። ብይ አፈር ይፈልጋል፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ብይዋም በተስተካከለ መሬት ላይ መንከባለል አለባት። በቅርብ ዓመታት ብዙዎቹ መተላለፊያዎች በኮብልስቶን ተነጥፈዋል። ይህ ለነዋሪው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ጭቃው ቀርቷል፤ ውኃው ይወርዳል። ብይ ግን በድንጋዮቹ ክፍተት ውስጥ ትቀረቀራለች። ባጃጅ በሚገባበት መተላለፊያ ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው። የባጃጅ ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው። 2 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ በግራና በቀኝ የሚቀረው 35፣ 35 ሳንቲሜትር ነው። ልጅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያሳልፋል እንጂ አይጫወትም።

ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። የንጣፍ ሥራ ሲነደፍ የዝናብ ውኃ መጠን፣ የጭነት ክብደት፣ የሜትር ካሬ ዋጋ ይሰላል። "እዚህ ጋ ስንት ልጅ ምን ይጫወታል?" የሚል አምድ ግን ሠንጠረዡ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ሐረር ዛሬ በኮሪደር ልማትና በእድሳት ላይ በመሆኗ ይህን አምድ ለመጨመር ጊዜው አሁን ነው።

ስድስት ዓመት የሚረዝም ትዝታ

እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት አዮናና ፒተር ኦፒ በ1969 ባሳተሙት የመንገድ ጨዋታዎች መጽሐፍ ከ10,000 በላይ ልጆች የነገሯቸውን ሰብስበዋል። ሁለት ነገር ልብ ብለዋል። አንደኛ፣ አዋቂዎች በየዘመኑ "የዛሬ ልጅ መጫወት አያውቅም" ይላሉ፤ ስለዚህ ይህን ሙሾ ስንሰማ ቶሎ አንመን። ሁለተኛ፣ ጨዋታ ከልጅ ወደ ልጅ እንጂ ከወላጅ ወደ ልጅ ብዙም አይተላለፍም።

ሁለተኛው ነጥብ ከባድ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ልጅ ነው ጨዋታውን የሚይዘው ብንል፣ በየስድስት ዓመቱ ተጫዋቹ በሙሉ ይቀየራል። ግንብ ቢፈርስ በልኬቱ መልሶ መሥራት ይቻላል። ጨዋታ ግን አንድ ዙር ልጆች ካልተቀበሉት ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በአዋቂዎች ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። ሐረር ደግሞ ሰንሰለቱን የሚፈትኑ ክስተቶች አልፈውባታል። ከ1948ቱ የኩሉብ እንቅስቃሴ እስር በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሄደዋል፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ እስከ ቶሮንቶ ድረስ ተበትነዋል። ቤተሰብ ሲሄድ የመንገዱ ተጫዋችም አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ጨዋታን በቅርስነት መመዝገብ አዲስ ነገር አይደለም። ዩኔስኮ በ2011 የፍላንደርስን የባህላዊ ጨዋታዎች ጥበቃ በመልካም ተሞክሮነት መዝግቧል፤ የብሩገል አገር ማለት ነው። በ2017 የካዛኮች የአጥንት ጨዋታ አሲክ ተመዘገበ። በ2020 ደግሞ የገበጣችን ዘመድ የሆነው ማንጋላ በካዛኪስታን፣ በኪርጊስታንና በቱርክ ስም ተመዘገበ። ጁገል ራሷ በ2006፣ የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በ2023 ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። መንገዱ ተከፍቷል።

ሕጉም አለ። ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 መጫወትን መብት ብሎ ይጠራዋል። አዲስ አበባ ላይ በ2018 የተጀመረው "መንገድ ለሰው" መኪና ለጥቂት ሰዓት ሲቆም ልጆች ሳይጠሩ እንደሚመጡ አሳይቷል። ጁገል ውስጥ ጥቂት መተላለፊያዎችን በተወሰነ ሰዓት ከባጃጅ ነፃ ማድረግ፣ ንጣፍ ሲሠራም ጥግ ላይ ጥቂት ሜትር ካሬ አፈር መተው ከባድ ወጪ አይደለም።

መዝገቡን ግን መንግሥት እስኪጀምረው መጠበቅ አያስፈልግም። ሐረር ያደጋችሁ፣ ወይም እናት አባቶቻችሁ እዚያ ያደጉ ከሆነ፣ ስልካችሁን ክፈቱና ቅረጹ። የጨዋታውን ስም በሐረሪም፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም ጠይቁ። በየትኛው መንገድ ላይ፣ በስንት ልጅ፣ በምን ዕቃ፣ በየትኛው ወቅት ይጫወቱት እንደነበር ጻፉ። ሕጉን ጠይቁ፤ የሚያጣላውንም ጠይቁ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ "ትንሽ የሆነውን፣ ማንም ያልመረጠውን ልጅ ምን ታደርጉት ነበር?"