ከደጋው እስከ ዐባይ፦ የመካነ ሰላም አካባቢ አምባዎች፣ ምንጮችና ወንዞች

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል፣ በቦረና ደጋ ላይ የተቆረቆረችው መካነ ሰላም ከተማ የዐባይ ሸለቆ ጎረቤት ናት። ከደጋው ወደ ዐባይ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን ያቋርጣል። ገብሱ ከላይ ይቀራል፤ ጤፉ ከመሃል፣ ማሽላው ከታች ይቀበለዋል።

ይህ ደጋ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከከርሰ ምድር ደጋግሞ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት ነው። ፍሳሹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ረጋ። ምድሩ ከፍ ሲል ደግሞ ዐባይና ገባሮቹ ዐለቱን እየሰረሰሩ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሸለቆ አበጁ።

ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነው አምባም የዚሁ ንብርብር ውጤት ነው። ጠንካራው ዐለት ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ልሉ ተሸርሽሮ ተዳፋት ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ያረፉባት መቅደላ ከበሽሎ ወንዝ በስተደቡብ የምትገኝ አምባ ናት።

የዝናብ ውኃ በዐለቱ ስንጥቅ ይሰርጋል። ውኃ የማያሳልፍ ሸክላማ ንብርብር ሲገጥመው ወደ ጎን ሄዶ ከገደል ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የምንጩ ዕድሜ የሚወሰነው ከበላዩ ባለው መሬት ነው። ተዳፋቱ ሲራቆት ዝናቡ ሳይሰርግ ጎርፍ ይሆናል፤ በበጋ ምንጩ ይነጥፋል። የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ የሆነው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የደንቆሮ ደንም ለአካባቢው የውኃ መያዣ ነው።

የደጋው ጅረቶች በበሽሎ፣ በወለቃና በሌሎች ገባሮች በኩል ዐባይን ይቀላቀላሉ። በክረምት ወንዙን የሚያደፈርሰው ከማሳ የታጠበ አፈር ነው። አፈሩ ወርዶ በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ደለል ይሆናል፤ ለአርሶ አደሩ ግን ጉዳቱ ከዚያ በፊት፣ ማሳው ላይ ይጀምራል።

ጎርፍ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። በመሆኑም የተፋሰስ ሥራ ከተራራው አናት ይጀመራል፤ በተዳፋቱ ላይ እርከን፣ በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ይከተላል። ከላይ ያልተገታ ጎርፍ ከታች የተሠራውን ክትር ያፈርሳል። የከተማ ነዋሪውም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ከጣሪያና ከመንገድ ተሰብስቦ ያለ ማፋሰሻ ቦይ የሚለቀቅ ውኃ በታችኛው ገበሬ ማሳ ላይ ቦረቦር ይከፍታል።