ሰውነት ምግብን እንዴት ይለምዳል? የምግብ አለርጂና የመቻቻል መነሻዎች

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን አንዱን ምግብ በሰላም ተቀብሎ ሌላውን በአለርጂ የሚቃወምበትን ምክንያት ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ሁለት ገጽ አለው። መቻቻል በአንጀት በኩል ከሕፃንነት ጀምሮ የሚገነባ ትምህርት ነው፤ አለርጂ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ይህ ትምህርት ሳይቀድም ምግቡ በተጎዳ ቆዳ በኩል ሲገባ ነው። በዋና ማስረጃነት የቀረበው የኦቾሎኒ አለርጂ ጥናት ታሪክ ነው።

መግቢያ

ምግብ ለሰውነት ባዕድ ነው። በምስሩ፣ በእንቁላሉ፣ በወተቱና በዓሣው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከእኛ ፕሮቲን ይለያል፤ የመከላከያ ሥርዓቱ ሥራ ደግሞ ባዕዱን ለይቶ መቃወም ነው። አብዛኛው ፕሮቲን በጨጓራና በአንጀት ተሰባብሮ ቢያልቅም ጥቂቱ ሳይፈጭ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። በዚሁ ግድግዳ ውስጥም ብዙ የመከላከያ ሕዋሳት ተከማችተው ይገኛሉ። እንዲህም ሆኖ አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ በልቶ ከምግቡ ጋር ሳይጣላ ይኖራል። ስለዚህ «ጥቂቶች ለምን ይታመማሉ?» ከማለታችን በፊት «ብዙኃኑ ለምን አይታመሙም?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋበት ሰው ብዙውን ጊዜ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ያነሰው ነው። ይህ ያስቸግራል እንጂ አለርጂ አይደለም፤ የመከላከያ ሥርዓቱም እጅ የለበትም። እዚህ የምንነጋገረው በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን ስለሚያሳክከው፣ ከንፈርን ስለሚያሳብጠው፣ ትንፋሽን ስለሚያሳጥረውና አንዳንዴም ስለሚገድለው አለርጂ ነው።

1. በአንጀት የሚሰጠው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካዊው ሃሪ ጊዲዮን ዌልስ ከባልደረባው ቶማስ ኦስቦርን ጋር በጊኒ ፒጎች ላይ ባደረገው ሙከራ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። በቆሎ ሲመገቡ የቆዩትን እንስሳት የበቆሎ ፕሮቲን በመርፌ እየወጋ አለርጂ እንዲይዛቸው ለማድረግ ቢሞክር አልሆነለትም። ፕሮቲኑን አስቀድመው በአፋቸው ማወቃቸው በኋላ በመርፌ ከሚመጣው ጉዳት ጠብቋቸዋል። ተመራማሪዎች ይህን ክስተት በአፍ የሚገኝ መቻቻል ይሉታል። አሠራሩ ግን እስኪብራራ ድረስ አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ዛሬ የሂደቱን ዋና ዋና ደረጃዎች እናውቃለን። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ያሉ ዴንድሪቲክ ሕዋሳት የምግብ ፕሮቲን ቁራሽ ይዘው በአንጀት ዙሪያ ወዳሉት የሊምፍ እጢዎች ይጓዛሉ። እዚያም ቁራሹን ገና ሥራ ላልያዙ ቲ ሕዋሳት ያሳያሉ። የአንጀት ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ልዩ ችሎታ እዚህ ላይ ይታያል። ከቫይታሚን ኤ ሬቲኖይክ አሲድ ያመርታሉ፤ ቲጂኤፍ ቤታ የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲንም ያክሉበታል። በሁለቱ ግፊት ቲ ሕዋሱ ፎክስፒ3 የተባለውን ዘረ መል አብርቶ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋስ ይሆናል። ሬቲኖይክ አሲዱ የአንጀትን አድራሻም ስለሚያስይዘው ሕዋሱ ተመልሶ አንጀት ውስጥ ይሰፍራል፤ በዚያም ያንኑ ምግብ ሊቃወሙ የሚነሡትን ሌሎች ሕዋሳት ያረግባል።

የእነዚህን ሕዋሳት መኖር ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 በአይጦች ላይ አሳየ። ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ ፎክስፒ3 ዘረ መል ሲበላሽ የሚከተለውን መዘዝ ደረሱበት። ሦስቱ እ.ኤ.አ. የ2025ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ይህ ዘረ መል ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ወንዶች ልጆች ገና በጨቅላነታቸው በከባድ ተቅማጥ፣ በስኳር ሕመምና በችፌ ይጠቃሉ፤ የምግብ አለርጂም ከሕመማቸው አንዱ ነው። ከእነርሱ የምንረዳው አንድ ትልቅ እውነት አለ፦ ምግብን መቻል ሰውነት ሳያቋርጥ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሠሪው ሲጠፋ መቻቻሉም አብሮ ይጠፋል።

2. አለርጂ እንዴት ይሠራል?

የአለርጂ ምክንያት በደም ውስጥ እንደሚገኝ ያረጋገጠው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1921 በብሬስላው ከተማ የተደረገው ነው። ሃይንዝ ኩስትነር የተበሰለ ዓሣ የማይስማማው ሐኪም ነበር። ባልደረባው ካርል ፕራውስኒትዝ ከኩስትነር ደም የተለየውን ሴረም ወስዶ በራሱ ቆዳ ውስጥ ወጋ። በማግስቱ በዚያው ቦታ የዓሣ ጭማቂ ሲወጋ ለዓሣ ደንታ ያልነበረው ቆዳው ቀልቶ አበጠ። ከዚያ ቦታ ውጭ ያለው ቆዳ ግን ምንም አልሆነም። በሴረሙ ውስጥ የነበረው ነገር ምንነት የተለየው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። በአሜሪካ ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ፣ በስዊድን ደግሞ ዮሃንሰንና ቤኒች ለየብቻ ደረሱበት፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ፣ በአጭሩ አይጂኢ ተባለ።

ሂደቱ ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ረዳት ቲ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 4ን እና ኢንተርሉኪን 13ን ይረጫሉ፤ ቢ ሕዋሳትም በዚህ ትእዛዝ ለዚያ ምግብ የተለየ አይጂኢ ያመርታሉ። አይጂኢው በቆዳ፣ በአንጀትና በሳንባ ባሉ ማስት ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ሰውየው እስከዚህ ድረስ አንዳች አይሰማውም። በሁለተኛው ምዕራፍ ምግቡ ተመልሶ ሲመጣ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ አይጂኢዎችን ያቆራኛል፤ ማስት ሕዋሱም ሂስታሚንን የመሳሰሉ ኬሚካሎችን በቅጽበት ይለቃል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የአየር ቧንቧ ይጠብባል፣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሕይወት የሚያድነው ቀዳሚ መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው።

በደም ውስጥ አይጂኢ መገኘቱ ብቻ ግን አለርጂን አያረጋግጥም። አይጂኢ ኖሮባቸው ምግቡን ያለ ችግር የሚበሉ ብዙዎች ናቸው። ምርመራውን ከሕመሙ ታሪክ ጋር ሳያገናዝቡ ልጅን ከምግብ መከልከል ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

3. በቆዳ በኩል የሚመጣው

ታዲያ የመጀመሪያው ምዕራፍ ለምን ይከፈታል? እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪታንያ የነጊዲዮን ላክ ቡድን ባወጣው ጥናት የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው ልጆች በሕፃንነታቸው የኦቾሎኒ ዘይት ያለበት የቆዳ ቅባት በብዛት ተቀብተው እንደነበር ታየ። ከሦስት ዓመት በኋላ የደንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያበላሹ የዘር ለውጦች ለችፌ እንደሚያጋልጡ አሳዩ። ችፌ ያለበት ሕፃን ለምግብ አለርጂ ያለው ተጋላጭነት ከፍ ያለ መሆኑ ከዚያም በፊት የታወቀ ነበር።

ክሩ እዚህ ላይ ይያያዛል። የተሰነጠቀ ቆዳ ኢንተርሉኪን 33ን እና ቲኤስኤልፒን የመሳሰሉ የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን ይለቃል። በዚህ ጊዜ በቤት አቧራ ውስጥ ወይም በአሳዳጊ እጅ ላይ ያለ የኦቾሎኒ ብናኝ በስንጥቁ ቢገባ፣ የቆዳው ዴንድሪቲክ ሕዋስ ቁራሹን ከማስጠንቀቂያው ጋር አንድ ላይ ይዞ ወደ ሊምፍ እጢ ይሄዳል። ያው ፕሮቲን በአንጀት ሲገባ «ወዳጅ» ተብሎ የሚመዘገበው እዚህ «ጠላት» ተብሎ ይመዘገባል።

ይህን የሚያጠናክር ማስረጃ ካልተጠበቀ አቅጣጫ መጣ። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ለዓመታት ሥጋ ሲበሉ የኖሩ ጎልማሶች በመዥገር ከተነከሱ በኋላ የበሬና የአሳማ ሥጋ አለርጂ ይይዛቸው ጀመር። ቶማስ ፕላትስ ሚልስና ባልደረቦቹ ምክንያቱ በሥጋው ውስጥ የሚገኝ አልፋ ጋል የተባለ የስኳር ዓይነት መሆኑን አሳዩ። ሕመሙም ሥጋው ከተበላ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። በአፍ በኩል ለዓመታት የዘለቀ ሰላም በቆዳ በኩል በገባ ንክሻ ፈረሰ ማለት ነው።

4. የኦቾሎኒው ፈተና

ሐሳቡ ትክክል ከሆነ፣ ምግቡን በጊዜ መብላት አለርጂን መከላከል አለበት። የዘመኑ ምክር ግን ተቃራኒ ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ምክር ለአለርጂ የሚያሰጉ ልጆች እስከ ሦስት ዓመታቸው ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ አሳሰበ። ምክሩ በ2008 ቢነሣም በቤተሰቦች ዘንድ ሥር ሰድዶ ነበር።

በዚያው በ2008 የላክ ቡድን በብሪታንያና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁዳውያን ልጆችን አነጻጸረ። የዘር መነሻቸው ተቀራራቢ ነው፤ አመጋገባቸው ግን ይለያያል። የእስራኤል ሕፃናት ጥርስ ሳያወጡ ጀምሮ ባምባ የተባለውን ኦቾሎኒ ያለበት ቀላል መክሰስ ይበላሉ። የኦቾሎኒ አለርጂ በብሪታንያ 1.85 በመቶ፣ በእስራኤል ደግሞ 0.17 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

ንጽጽር ምክንያትን በራሱ ስለማያረጋግጥ ቡድኑ ወደ ሙከራ ገባ። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 11 ወር የሆነ 640 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሳምንት ቢያንስ 6 ግራም የኦቾሎኒ ፕሮቲን እየበሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ፈጽሞ ሳይቀምሱ እስከ አምስት ዓመታቸው ቆዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆነ። ሲጀመር የቆዳ ምርመራቸው ነጻ ከነበረው መካከል አለርጂ የያዛቸው ከተከለከሉት 13.7 በመቶ፣ ከበሉት 1.9 በመቶ ነበሩ። ቆዳቸው አስቀድሞ መጠነኛ ምላሽ ከሰጠው መካከል ደግሞ 35.3 በመቶና 10.6 በመቶ ሆኑ። በ2024 የወጣው ክትትል ተሳታፊዎቹ ለአቅመ ጉርምስና ደርሰውም ልዩነቱ እንዳልጠፋ አሳየ፤ ከተከለከሉት 15.4 በመቶ፣ ከበሉት 4.4 በመቶ አለርጂ ነበረባቸው።

5. ረቂቅ ተሕዋስያንና ትላትል

ትምህርቱ በአንጀት ብቻ አይሰጥም፤ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ያግዛሉ። የካትሪን ናግለር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ክሎስትሪዲያ የተባሉት ባክቴሪያዎች የአንጀትን ግድግዳ ስለሚያጠናክሩ ያልተፈጨ የምግብ ፕሮቲን ወደ ደም በብዛት እንዳይገባ ያደርጋሉ።

የጥገኛ ትላትልን ጉዳይ ስናነሣ ኢትዮጵያ በጥናቱ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። በጅማና አካባቢዋ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 በላንሴት የታተመ ጥናት ሁክዎርም በብዛት ያለባቸው ሰዎች የአስም ዓይነት ሲርሲርታ እንደሚቀንስባቸው አሳይቷል። አይጂኢ ዋና ሥራው ትላትልን መዋጋት እንደሆነ ስለሚታመን ግንኙነቱ ትኩረት ይስባል። ጥናቱ ግን ስለ ትንፋሽ እንጂ ስለ ምግብ አልነበረም፤ የደም ማነስ የሚያመጣን ትል ለአለርጂ መድኃኒት ብሎ መተውም ፈጽሞ አይገባም።

6. ሕክምናውና የእኛ ገበታ

አለርጂ ከያዘ በኋላ መቻቻልን መመለስ ከባድ ነው። ምግቡን በጥቂት ሚሊግራም ጀምሮ በሐኪም ክትትል መጠኑን እየጨመሩ መስጠት ሰውነትን ያለማምዳል፤ ሲቋረጥ ግን ብዙዎች ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ለምግብ አለርጂ የተፈቀደው ኦማሊዙማብ አይጂኢን ይዞ ከማስት ሕዋስ ያርቃል። በዋናው ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት 67 በመቶ፣ ካልወሰዱት 7 በመቶ 600 ሚሊግራም የኦቾሎኒ ፕሮቲን ችለዋል። መድኃኒቱ ከአደጋ ይጠብቃል እንጂ ምግቡን እንደ ልብ ለመብላት አያበቃም።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ተግባራዊ ነጥብ አለ። በጎጃም በወራጅ ውኃ ተነክሮ ምሬቱ ወጥቶለት የሚበላው ግብጦ ከኦቾሎኒ ጋር ተመሳሳይ ፕሮቲን አለው፤ አንዳንድ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ስለሚያሳምም በአውሮፓ ኅብረት በምግብ ማሸጊያ ላይ በግድ ይጻፋል። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው አብሽም ከዚያው የጥራጥሬ ቤተሰብ ነው፤ ከኦቾሎኒ ጋር መመሳሰሉ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ልጃቸው የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ቤተሰብ ሁለቱንም ለሐኪሙ በስማቸው ቢያነሣ ይበጃል፤ የምዕራብ ሐኪም ንጥር ቅቤ ውስጥ ምን እንዳለ ብዙ ጊዜ አያውቅምና።

ማጠቃለያ

ሐኪሞችና ወላጆች ለረጅም ጊዜ ልጅን ከምግብ ማራቅን ጥንቃቄ አድርገው አይተውታል። ማስረጃው የሚለው ሌላ ነው፤ መከልከልም በራሱ ውጤት ያለው ውሳኔ ነው። አንጀት ምግቡን በጊዜው ካላወቀው፣ ቆዳ ቀድሞ በተሳሳተ መንገድ ሊያውቀው ይችላል። ስለዚህ ስድስት ወር ሞልቶት ተጨማሪ ምግብ ለሚጀምር ጤነኛ ሕፃን እንቁላልንና ጥራጥሬን ያለ ምክንያት ማዘግየት አይገባም፤ ኦቾሎኒም በፍሬው ሊያንቀው ስለሚችል በሚገባ ልሞ ወይም በኦቾሎኒ ቅቤ መልክ ቀጥኖ ገንፎው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ችፌ የበረታበትን ሕፃን ግን ቆዳውን ቶሎ ማከም፣ አዲሱንም ምግብ በሐኪም ምክር ማስጀመር ግድ ነው። በሀገራችን የምግብ አለርጂ መጠን በሰፊ ጥናት ሊለካ ይገባል፤ ልጆቻችን ዛሬ የሚበሉት፣ የሚቀቡትና የሚኖሩበት አካባቢ በፍጥነት እየተለወጠ ነውና የነገ ምክራችን ከሌላ አገር መመሪያ ሳይሆን ከራሳችን ማስረጃ መነሣት አለበት።