ቀይዋ ጠቋሚ

በደርግ ዘመን አስኮ ባለው ቤታችን፣ አባቴ ማታ ማታ ራዲዮ የሚያዳምጡት ጋቢ ተከናንበው ነበር። ለሚያያቸው ብርድ ብርድ ያላቸው ይመስላሉ፤ ጋቢው ግን ድምፁን ለማፈን ነው። የጀርመን ድምፅ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ይናገራል፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ድምፅ ተጨመረ። የሚሰማ ነገር ሞልቷል፤ የጠፋው ድፍረቱ ነው።

ዜናው ሲያልቅ አባቴ አንድ ነገር ሳያደርጉ አይተኙም። ቀይዋን ጠቋሚ ወደ አገር ውስጡ ጣቢያ ይመልሷታል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሲረሱ አስታዋሹ እኔ ሆንኩ። በ12 ዓመቴ የምስጢር ተካፋይ ሆንኩ ማለት ነው!

ኋላ ስለ አድማጭ ቆጠራ ታሪክ ሳነብ ይኸው ትዝ አለኝ። አሜሪካዊው አርተር ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1936 መብቱን የገዛው ኦዲሜትር የሚባል መሣሪያ ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? ራዲዮኑ መቼ እንደተከፈተ፣ ጠቋሚዋም የት ላይ እንደቆመች በወረቀት ጥቅል መመዝገብ። አባቴ ማታ ማታ የሚያጠፉትን አሻራ፣ ማዶ ያለው ነጋዴ ለማስታወቂያ ገበያ ይለቅመው ነበር። እርግጥ እዚያ መሣሪያው የሚገጠመው ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው።

አጭር ሞገድ አንድ ደግነት ነበረው፤ ይናገራል እንጂ ማን እንደሚሰማው አያውቅም። በኢንተርኔት የሚመጣ ድምፅ ግን የአድማጩን አድራሻ ሳይዝ አይደርስም። በዚህ ላይ መከታተያው ሲጨመር፣ ምን እንደከፈትን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየን ሁሉ ይቆጠራል። አውሮፓውያን ለዚህ ነው የሰውዬውን ፈቃድ የሚጠይቁት። የግል መረጃ ጥበቃ ደንባቸው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ይሠራል፤ ፍርድ ቤታቸው ደግሞ በ2019 ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይባልም ብሏል። ፈረንሳዮቹ ለጣቢያው ብቻ የሚውል፣ ስም የማያወጣ ቆጠራ ሲሆን ያለ ፈቃድም ያሳልፋሉ። ይህቺን እኔም አልጠላኋት፤ ስንት ሰው ሰማ ሌላ፣ ማን ሰማ ሌላ።

እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥተናል። አባቴ አልደረሱበትም።

ሰሞኑን አስኮ እናቴ ቤት ቁጭ ብለን ልጄ ስልኳ ላይ ዜና ስትከፍት፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳታነብ ነካችው።

«ምንድን ነው የሚለው?» አልኳት።

«ሁልጊዜ የሚመጣ ነገር ነው፣ አባዬ።»

ራዲዮኑ አሁንም ቡፌው ላይ አለ። ጠቋሚዋ አገር ውስጥ ጣቢያ ላይ ናት።