የጎማ ንፋስ መለኪያ ለዝቅተኛ ግፊት

የጎማ ንፋስ መለኪያ (ጌጅ) በጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከአካባቢው የአየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በአሸዋ ላይ የሚያሽከረክር ሰው ንፋሱን ወደ 15 ፒኤስአይ (በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ፣ 1 ባር ገደማ) የሚያወርደው ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት እንዲጨምር ሲሆን፣ ከልክ በላይ ከወረደ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ስለሚችል እዚህ ላይ የጥቂት ፒኤስአይ ስህተት ከባድ ነው።

ትክክለኛነት አብዛኛውን ጊዜ ከመለኪያው የልኬት ጣሪያ በመቶኛ ስለሚገለጽ፣ እስከ 100 ፒኤስአይ የሚለካና የ3 በመቶ ስህተት የተፈቀደለት ጌጅ 3 ፒኤስአይ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህም በ15 ፒኤስአይ ላይ የ20 በመቶ ስህተት ማለት ነው። በዚያው ደረጃ የተሠራ፣ ጣሪያው 30 የሆነ ጌጅ ግን ከ1 ፒኤስአይ በላይ ስለማይስት፣ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው ይህን ጣሪያ ነው።

ፈረንሳዊው ኢዩጂን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ግፊት ሲገባበት ለመቃናት በሚሞክር ጥምዝ የብረት ቱቦ የሚሠራው ባለ ቀስት መለኪያ ባትሪ ስለማይፈልግ ለሩቅ ጉዞ ይመረጣል፤ ሆኖም ሲወድቅ ሊዛባ ስለሚችል የጎማ መከላከያ ሽፋን ያለው መሆን አለበት። በፈሳሽ የተሞላው ዓይነት ንዝረትን ቢቋቋምም፣ የታሸገ አካሉ ማስተንፈሻ ከሌለው በሙቀትና በከፍታ ለውጥ ንባቡ ይዛባል።

ከፍታም ንባብን ይለውጣል፤ በአዲስ አበባ የተለካ ጎማ ከባሕር ጠለል በታች ወዳለው ደናክል ሲወርድ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ እንኳ፣ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ቀንሶ ስለሚነበብ፣ ልኬቱ መወሰድ ያለበት መንዳት በሚጀመርበት ስፍራ ነው።