አንዲት ድምፅና የሰው እንጀራ



የሰውን ቋንቋ አይቶ በሰውየው ላይ መፍረድ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ቀደምቶቻችንም በዚህ ተፈትነዋል። ሦስት ታሪኮችን እናንሳ።

የመጀመሪያው በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን የሆነ ነው። የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ጸሐፊ ለኸሊፋው ደብዳቤ ሲጽፍ «ሚን አቢ ሙሳ» ማለት ሲገባው «ሚን አቡ ሙሳ» ብሎ ጀመረ። ዑመርም ጸሐፊው አንድ ጅራፍ እንዲገረፍና ከሥራው እንዲታገድ አዘዙ ሲሉ የነሕው (የሰዋስው) ሊቃውንት ይተርካሉ። ቅጣቱ ከባድ ነው። ግን ልብ እንበል፦ ሰውየው ወታደር ወይም ነጋዴ አልነበረም፤ እንጀራው መጻፍ ነበር። በአገረ ገዥ ስም የሚወጣ ደብዳቤ ደግሞ የመንግሥት ቃል ነው። የተመዘነው በተቀጠረበት ሙያ ነው።

ሁለተኛው የሲበወይህ ታሪክ ነው። ፋርስ ውስጥ ተወልዶ በበስራ የተማረ ወጣት ነበር። ከሐማድ ኢብኑ ሰለማ ዘንድ ሐዲስ ሲማር «ለይሰ አባ» የሚለውን «ለይሰ አቡ» ብሎ አነበበ። መምህሩ «ተሳሳትክ» አሉት። ስህተቱ ይኸው ነው ብለው አሳዩት እንጂ ዐረብ አይደለህምና ተነሥ አላሉትም። እሱም ማንም የማያርመኝ እስክሆን እማራለሁ ብሎ ወደ አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ ሄደ። በመጨረሻም «አል-ኪታብ» የተባለውን የዐረብኛ ሰዋስው ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ።

ይህ ሰው በኋላ ባግዳድ ሄዶ በየሕያ ኢብኑ ኻሊድ አል-በርመኪ ፊት ከኩፋው ሊቅ ከአል-ኪሳኢ ጋር ተከራከረ። ክርክሩ ስለ ጊንጥና ተርብ ንድፊያ የተነገረ አንድ ዐረፍተ ነገር በ«ሂየ» ብቻ ነው የሚያልቀው ወይስ «ኢያሃ»ም ይቻላል የሚል ነበር። ሲበወይህ «ሂየ» ብቻ ነው አለ። ዳኛ እንዲሆኑ በደጅ የነበሩ የገጠር ዐረቦች ተጠሩ፤ ለአል-ኪሳኢ ፈረዱ። አል-ኪሳኢ የኸሊፋው ልጆች አስተማሪ ነበሩና ዳኞቹ ክብራቸውን አይተው አደሉ የሚሉ ዘገባዎች አሉ። ሲበወይህ «ቃሉን ራሳቸው ይናገሩት፤ ምላሳቸው እሺ አይላቸውም» ብሎ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ወደ ፋርስ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ በ180 ዓመተ ሂጅራ ገደማ በለጋ ዕድሜው ሞተ።

ሦስተኛው የራሳቸው የአል-ኪሳኢ ታሪክ ነው። አንድ ቀን ሃሩን አር-ረሺድን እያሰገዱ ሳለ ሕፃን እንኳ በማይስተው ቦታ «የርጂዑን» የሚለውን «የርጂዒን» ብለው ቀሩ። ኸሊፋው «ተሳሳትክ» ለማለት አልደፈሩም፤ «ይህ የየትኛው ጎሳ አነጋገር ነው?» ብለው ጠየቁ። አል-ኪሳኢ ግን በታማኝነት፣ ጥሩ ፈረስም ይደናቀፋል ብለው ስህተታቸውን አመኑ። አላህ ይዘንላቸው።

እንግዲህ እናመዛዝን። የታወቀው ሰው ሲስት «አነጋገር ይሆናል» ተብሎ በጎ ይታሰብለታል። ያልታወቀው እንግዳ ደግሞ ትክክል ቢናገርም ይፈረድበታል። ሚዛኑ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው።

ዛሬም በየከተማችን ቤቱ ሶማሊኛ፣ ዐፋርኛ ወይም ስልጥኛ እየሰማ ያደገ ወጣት በአማርኛ የሥራ ማመልከቻ ይጽፋል። «ሒሳብ»ን «ሂሳብ» ብሎ ቢጽፍ፣ የተቀጠረው መዝገብ ሊያስታርቅ ከሆነ መመዘን ያለበት መዝገቡ ነው። የጋዜጣ አራሚ ሆኖ ከቀረበ ግን በፊደሉ ቢጠየቅ ፍትሕ ነው። አለቃው ራሱ ሲስት «የእጅ ስህተት ነው»፣ ጀማሪው ሲስት «አልተማረም» የሚባልበት ቢሮ ግን ሁለት ሚዛን ይዟል።

ስለዚህ የሰው ጽሑፍ በእጃችሁ የገባ ወንድሞችና እህቶች፦ ስሙን ሸፍናችሁ አንብቡት፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ጠይቁ፤ የሳተበትን ቦታም እንደ ሐማድ አሳዩት። ጽሑፋችሁ የተተቸባችሁም ትችቱ እውነት ከሆነ እንደ ሲበወይህ መማሪያ አድርጉት። ያን ቀን መምህሩ ስህተቱን ባያሳዩት፣ ወይም አሳፍረው ቢያባርሩት ኖሮ፣ «አል-ኪታብ» ባልተጻፈ ነበር።