በላም ማሰማሪያ ላይ የቆመ ፌስቲቫል

ኮንሰርት በተለመደው ትርጉሙ አንድ ድምፃዊ ወይም አንድ ባንድ በአንድ ምሽትና በአንድ መድረክ ሥራውን የሚያቀርብበት ዝግጅት ሲሆን፣ ታዳሚው ትኬት የሚቆርጠው ማን እንደሚጫወት አስቀድሞ አውቆና ያንኑ ሙዚቀኛ ሽቶ ነው። ፌስቲቫል በበኩሉ ብዙ ሙዚቀኞች በበርካታ መድረኮች ለተከታታይ ቀናት የሚፈራረቁበት ዝግጅት ተብሎ ይተረጎማል፤ ይህ ትርጉም ስሕተት ባይኖርበትም ልዩነቱን በመድረክና በቀናት ብዛት ብቻ ስለሚለካ ጎዶሎ ነው። ሰው ከሙዚቀኛው ይልቅ ስፍራውን ፈልጎ የሚሰበሰብበት ፌስቲቫል አለና፤ በእንግሊዝ የግላስተንበሪ ፌስቲቫል በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ሲሆን፣ ትኬቱ ዋናዎቹ ተጫዋቾች እነማን እንደሆኑ ከመገለጹ ወራት አስቀድሞ በሽሚያ ይሸጣል።

ፌስቲቫሉ ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ካለችው ከግላስተንበሪ ከተማ ቢሆንም፣ የሚካሄደው በሶመርሴት ግዛት ፒልተን በምትባል መንደር፣ ዎርዚ በተሰኘ የወተት ላሞች እርሻ ላይ ነው። የእርሻው ባለቤት ማይክል ኢቪስ በ1970 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያው አካባቢ በተካሄደ ሌላ ፌስቲቫል ላይ ሌድ ዘፕሊን የተባለውን የሮክ ባንድ ካዩ በኋላ፣ ዕዳም ተጭኗቸው ስለነበር፣ በገዛ ማሳቸው ተመሳሳይ ዝግጅት ለማሰናዳት ወሰኑ። ዝነኛው ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ በሞተ ማግስት፣ ሴፕቴምበር 19፣ 1,500 ያህል ሰዎች 1 ፓውንድ እየከፈሉ ገቡ፤ በዚህም ዋጋ ከእርሻው የታለበ ወተት በነፃ ይታደል ነበር። ዋና ተጋባዥ የነበረው ኪንክስ የተባለው ባንድ ሳይመጣ ቀርቶ ታይራኖሶረስ ሬክስ የተባለው ቡድን ቢተካውም ዝግጅቱ አልተስተጓጎለም።

በተከታዩ ዓመት፣ መግቢያው ያለ ክፍያ ሆኖ፣ የጊዛን ፒራሚድ የሚመስል መድረክ ተሠራ፤ ሆኖም የመድረኩ ታሪክ ይበልጥ የሚደንቀው ከ1981 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ቋሚ ሆኖ የተገነባው ፒራሚድ ፌስቲቫሉ ሲያበቃ የላሞች በረትና የመኖ መጋዘን ሆኖ ያገለግል ስለነበር፣ በ1994 በእሳት እስኪወድም ድረስ ሙዚቃና ከብት አንድ ጣሪያ ተጋርተዋል። አሁን ያለው የብረት ፒራሚድ የቆመው በ2000 ነው።

እንዲህ ያለው ዝግጅት ያደገው እንደ ከተማ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም፤ ታዳሚው በድንኳን የሚያድር በመሆኑ አዘጋጁ ከድምፅ ማጉያ ባልተናነሰ ስለ ውኃ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ሕክምናና ስለ ጸጥታ ማሰብ ይኖርበታል። ከ1983 ጀምሮ የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ግዴታ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በ2000 ግን ትኬት የሌለው እጅግ ብዙ ሕዝብ አጥር ዘሎ ገባ፤ በዚያው ሰሞን በዴንማርክ የሮስኪልዴ ፌስቲቫል 9 ሰዎች በግፊያ ሞተው ስለነበር፣ የግላስተንበሪ ዝግጅት በ2001 ሳይካሄድ ቀርቶ በ2002 ከረጅምና ጠንካራ የብረት አጥር ጋር ተመለሰ። አጥሩ የቀድሞውን ልቅ መንፈስ ገደለው ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ ያለ እርሱ ግን ፌስቲቫሉ ፈቃድ አግኝቶ ይቀጥል ነበር ማለት ያስቸግራል።

ኮንሰርት ድምፃዊው ሲታመም ሊሰረዝ ይችላል። በግላስተንበሪ ግን በ2015 የፉ ፋይተርስ ድምፃዊ እግሩ በመሰበሩ ባንዱ ሲቀር ሌላ ባንድ ተተክቶ ዝግጅቱ ቀጥሏል። በአንጻሩ በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤቶችንና ፖሊሶችን ስለሚሻማ ፌስቲቫሉ እንደማይካሄድ ኢቪስ ተናግረው ነበር፤ በ2018 ደግሞ መሬቱ እንዲያርፍና ሣሩ እንዲያገግም ሲባል ሙዚቃው ቀርቶ ማሳው ለላሞቹ ተትቷል።